ለአፈርም ይከፈላል እንዴ?

የሰው ነገር መቼም አያልቅም። ለችግኙ ይከፍላል፤ ለተተከለበት ቆርቆሮም እያጉረመረመ ይከፍላል፤ የአፈሩን ዋጋ ሲጠሩለት ግን ኪሱ የተበረበረ ያህል ዓይኑን ያፈጣል። «ለአፈርም ይከፈላል እንዴ?» ይላል። ችግኝ ሻጯ ይህን ነገር ሰምታ ሰምታ ጆሮዋ ደንድኗል።

በዚያ ጠዋት ያንገበገባት ግን ገዢ አይደለም፤ የገዛ ወንድሟ ነው። ወደ ግቢው ስትወጣ ሸራው ባዶውን ተንጣሏል። ጥቁር አፈር ከአሸዋ፣ ከፍግና ከገለባ ጋር ተደባልቆ፣ ሁለቴ ተነፍቶ፣ ውሃ እየተርከፈከፈለት ሳምንታት የከረመው ክምር የለም። ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ ከመጋዘን ሥራው ጡረታ ወጥቶ አብሯት መኖር ከጀመረ ወዲህ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎታል። አሁንም የግቢው በር ላይ ቆሞ መሬቱን በጫማው እየረገጠ ይደለድላል።

«ያን ጉድጓድ ተገላገልነው!» አላት ፊቱ በርቶ። «ስንቱ ጎረቤት እግሩን ሊሰብርበት ነበር።»

«ጋሼ፣ በምን ደፈንከው?»

«በአፈር ነዋ! በምን ይደፈናል?»

ጭንቅላቷን ይዛ ቁጢጥ አለች። ክምሩን ያዘጋጀችው ለአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። ሴትዮዋ ለሰገነቷ ስልሳ ቆርቆሮ ቃሪያና ቲማቲም ፈልጋ፣ አይታ ዋጋ ልትቆርጥ ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች። ይህ ሽያጭ ካልሰመረ የቤት ኪራዩ አይሞላም። ካልሞላ ደግሞ ወደ ስፌት ፋብሪካው መመለስ ነው፤ ዕድሜዋን አንገቷን ደፍታ ወደጨረሰችበት ወንበር። አለቃዋ «እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታሽን ለሰው አልሰጥም» ብላታለች፤ ደግነቷ ነው፣ ግን ያስፈራል።

«አንተ ሰው፣ ጉድ ሠራኸኝ እኮ!»

«አፈር አይደል እንዴ? ምን ያስጮህሻል? አገሩ ሁሉ አፈር ነው!»

ልታፍሰው ሞከረች። ድብልቁ ከጭቃው ጋር ተለውሶ፣ የጠርሙስ ስባሪና የመኪና ዘይት ገብቶበት፣ ለምንም የማይሆን ሆኗል። አካፋውን እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«አገሩ ሁሉ አፈር ከሆነ፣ ና አምጣልኛ!»

ሄዱ። አዲስ ሕንፃ ከሚቆፈርበት ቦታ አፈሩ በነጻ ነው፤ ዘበኛው ግን በነጻ አይደለም። ጋሪ ተከራዩ። ከብት አርቢው ፍጉ ላይ ዋጋ ጨምሯል፤ «መኖ ተወደደ» ይላል፤ ለላሞቹ ያበላውን አንዴ በወተት፣ አንዴ በፍግ ይሸጠዋል። አሸዋውንም ገዙ። ጋሪው በጠባቡ መተላለፊያ አልገባ ስላለ ጆንያውን ሁሉ በትከሻ አስገቡት። ጋሼ በየአሥር እርምጃው እየቆመ ግድግዳ ይደገፋል።

ከዚያ መንፋት መጣ። ወንፊቱን በሁለት ወገን ይዘው ሲያወዛውዙ ጠጠር፣ ሥር፣ የላስቲክ ቁራጭ፣ አንድ የጫማ ሶል ሳይቀር ወንፊቱ ላይ ተረፈ። ጋሼ ያስነጥሳል።

«በይ በቃን፤ ወገቤ ተቆረጠ!»

«ገና ይደገማል።»

«ይደገማል? አፈር ነው ወይስ ሙሽራ፣ ይሄ ሁሉ ማሰማመር!»

«ካልተነፋ ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሳል። አሸዋው ካነሰ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ዝም ብለህ ያዝ።»

ክምሩን በአካፋ ከወዲያ ወዲህ እየገለበጡ ደባለቁት። ከድብልቁ ጨበጥ አድርጋ መዳፏን ከፈተችው፤ ተያይዞ ቆየና በጣቷ ስትነካው ፈረሰ። ደህና ነው። ጋሼ ግን አፈሩን ትቶ እሷን ያያል።

«ቆርቆሮውን ስንት ነው የምትሸጪው?»

ነገረችው። የመጋዘን ሰው ነውና በአፉ ይደምር ጀመር፤ ለጋሪው፣ ለፍጉ፣ ለአሸዋው፣ ለዘሩ። ሲጨርስ ፊቱን ቋጠረ።

«ለሚነፋውስ ስንት ያዝሽ?»

«የምነፋው እኔ ነኛ! እኔው ለራሴ ልክፈል? ነገር አትፈልግ፣ ሥራ!»

«በነጻ ነዋ እንግዲያ» አለ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «በነጻ ከሆነ፣ ጠዋት ለምን ጮኽሽብኝ?»

 ደሟ ፈላ፤ በሱ ይሁን በራሷ አላወቀችም። ለዘበኛው ከፍላለች፤ ለባለጋሪው ከፍላለች፤ ለዚያ ለፍግ ቸርቻሪም ሳትከራከር ከፍላለች። ገዢ «ውድ ነው» ባለ ቁጥር ስትቀንስ የኖረችው ግን ከገዛ ወገቧ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ! አካፋውን ወርውራ ብታለቅስ ደስ ባላት ነበር፤ ግን ሴትዮዋ በሩን አንኳኳች።

ሴትዮዋ ችግኞቹን አገላብጣ አየች፤ ወደደቻቸው። ችግኝ ሻጯ ዋጋውን ተናገረች፤ ካሰበችው ላይ ግማሹን ጨምራ።

«ምነው እህቴ! ለአፈር ይሄ ሁሉ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ፍጉና ስለ አሸዋው እየማለች ትለማመጥ፣ ከዚያም ትቀንስ ነበር። አሁን ያ የፋብሪካ ወንበር ዓይኗ ላይ ድቅን ብሎባታል፤ ፈርታለች።

«ለአፈሩ አይደለም እትዬ» አለች። «ለኔ ነው።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ አቧራ የለበሰ ፀጉሯን፣ የጠቆሩ ጥፍሮቿን። 

«ስልሳውን አልችለውም» አለች በመጨረሻ። «አርባውን አዘጋጂልኝ።» ቀብዱንም እዚያው ቆጠረችላት።

በጣቷ አሰላችው። አርባው በአዲሱ ዋጋ ስልሳው በድሮው ከሚያመጣው አያንስም። ኪራዩ ይሞላል። ወደ ስፌት ፋብሪካው አትመለስም። ክምሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ በፊቷ አቧራ ላይ መንገድ እያወጣ ወረደ።

ጋሼ ግን ይህን ጊዜ አጥሩ ጋ ደርሶ ለጎረቤት እያወራ ነው። «ንግድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» ሲል ሰማችው። ከድካሟ ሁሉ ይህ ባሰባት፤ ልፋቷን ጉድጓድ ውስጥ የደፋ ሰው መካሪዋ ሆኖ ቁጭ አለ!

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። «የቀረው ሊነፋ ነው፤ ና ያዝ!»

«ስንት ትከፍዪኛለሽ?» አለ ዞር ብሎ።

ልትሰድበው ፈለገች። ጥርሷን ነክሳ ዋጋ ነገረችው።

ጥቂት አሰበና፣ «አነሰ» አላት።