ያልደወለው ልጅ ሰላምታ

«ማን ነው የሞተው?» አለ ዒምራን ከባጃጁ እንደወረደ፣ ደጃቸው ላይ የተተከለውን ድንኳን እያየ።

ለቀስተኛው ቀልቡ ተገፈፈ። ሳውዲ እስር ቤት ሞተ የተባለ ልጅ በእግሩ ቆቦ መጥቶ ማን ሞተ ሲል ምን ይባላል? አንዷ ጎረቤት እልል ልትል አፏን ከፈተችና በእጇ አፈነችው።

አጎቱ አብዱሰመድ ተነስተው እቅፍ አደረጉት። «አብሽር ልጄ። እናትህ ናት። ትናንት ቀበርናት፤ አላህ ይርሀማት።»

ትናንት! ምነው አንዲት ቀን ብትቆየው!

ተደብቆ ነበር በአፋር በኩል የወጣው። ብነግራት አትለቀኝም ብሎ፣ እናቱን ሀሊሜን ሳይሰናበታት። እስር ቤት ውስጥ ተፋፍገው ሲተኙ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመኘው፦ ድምፅዋን ሰምቶ «አውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታዋን መጠየቅ። ቁጥሯ ያለበትን ስልክ ግን ሲይዙት ነጥቀውታል። ኋላ ታመመ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሐኪም ቤት ሲያወጡት ያየ፣ አብሮት የታሰረ የዋጃ ልጅ ቀድሞት ተፈታና፣ ሞቷል ብሎ አወራ።

በማግስቱ ረፋድ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ታላቅ እህቱን ኡሙሃኒን ጓሮ አገኛት።

«እታለም፣ እማ ልጄ ሞቷል ብላ ነው የሞተችው?»

«በጭራሽ! ልቧን ታውቀው የለ፣ ማን ደፍሮ ይነግራታል? ያንተን ለቅሶ ጎብዬ ሄደን ነው ተደብቀን የተቀመጥነው። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ዘጋላት። እኔማ...» ፊቷን አዞረች። «ዒምራን ደወለ እያልኩ እዋሻት ነበር። አገናኚኝ ስትለኝ፣ ተቋረጠ እላለሁ። ምን ላድርግ ወንድምዓለም!»

ዒምራን አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን አልኳት?» አላት።

«እ?»

«ስደውል። ምን ምን አልኳት?»

ኡሙሃኒ እንባዋን ዋጠች። «በልቻለሁ፣ አትስጊ አልካት።»

«አዎ፣ ብያታለሁ።»

«ጥንቅሽ ደርሷል ወይ፣ አስቀሩልኝ አልካት። በጣም ሳቀች።»

«አዎ።»

«ሳልሰናበትሽ በመውጣቴ አውፍ በይኝ አልካት።»

«እሷስ?»

«‹ያኔውኑ አውፍ ብዬዋለሁ በይው፤ ሞኝ!› አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ፣ ‹ድምፁ ግን ደህና ነው?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ዒምራን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ እምቢ አለው። ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና ጠረገ።

«ደህና ነው፣ እማ» አለ።