ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ልብስ

የሌላ ሴት ባል ማታ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል፤ የእኔው ፋንታሁን ዞምቢ ያያል። ሙታን ተነሥተው ሰው ሲነክሱ አይደለም የሚያየው፤ ፈረንጆች ለዚያ ቀን ይሆነናል ብለው ጓሯቸው ውስጥ የሚሠሩትን ልብስና ጋሻ ነው። ማየት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ሱቃችን ጓዳ፣ ከዱቄት ጆንያው ጎን፣ እሱም መሥራት ጀመረ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ይዘረጋል፣ ይቆርጣል፣ ይበሳል፣ በብሎን ያያይዛል። መተኛችን እዚያው ጓዳ ስለሆነ እኔ በቆርቆሮ መሐል እየተሽሎከሎክሁ ነው የከረምኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጌታ ሲመጣ ምን ልትለው ነው?» ስለው፣ «ጌታ እስኪመጣ ነዋ የምሠራው» ይለኛል።

ይህ ነገር የያዘው ከተዘረፍን ወዲህ ነው። ሱቃችን ደንበኛ የሚገባበት በር የለውም። የምንሸጠው በብረት ፍርግርጉ መሐል በተተወች፣ ዳቦ በምታሳልፍ መስኮት ነው። እኔ አጭር ስለሆንኩ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ላዩ ላይ እቆማለሁ። አንድ ቀን ዳቦ ብሎ የመጣ ሰው በዚያች መስኮት እጁን ሰድዶ አንገቴን አነቀኝ፤ ፋንታሁን ያለውን ሁሉ አውጥቶ እስኪሰጠው አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ፋንታሁን የጓዳውን የብረት በር ከውስጥ ሦስት ጓጉንቸር አንጠለጠለበት፤ ቁልፎቹንም ቀበቶው ላይ አሰራቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድና ልብስ ከማስጣት በቀር መውጣት ቀረ። ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ፊትና እጅ ብቻ ሆነ። ታፍኜ ነበር፣ ምን ልበል!

በዚህ መሐል ቀሚሴ ከገመድ ላይ ጠፋ። እህቴ ከሆሳዕና አሰፍታ የላከችልኝ፣ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ አበባ ያለበት ነው፤ ልኬን ጠንቅቆ የያዘ ልብስ እሱ ብቻ ነበር። ከፊት ለፊታችን ባባ ማሴኮ የሚባል፣ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃና ሰው ይኖራል፤ ዛኔሌ የምትባል ልጅ አለችው። ዛኔሌ ሰሞኑን «ሲስ፣ ቀሚስሽ ሲያምር!» ብላኝ ነበር። በቃ፣ ለእኔ ማስረጃው ሞላ። በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ መጥታ ሳንቲሟን እንዳስቀመጠች፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ «አረንጓዴውን ባለ ቢጫ አበባ ቀሚሴን መልሺ፣ አንቺ ሌባ!» አልኳት። ልጅቷ የከፈለችበትን ዳቦ እንኳ ሳትወስድ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማሴኮ ቤት ሰው ታች ካለው ሱቅ ነው የሚገዛው።

ፋንታሁን ያኔ ዕቃ ሊያመጣ ጅምላ መደብር ሄዶ ነበር። ሲመለስ ቀሚሴ ጠፋ አልኩት እንጂ ልጅቷን ማዋረዴን አልነገርኩትም፤ ከጎረቤት አትጣይ እያለ ሌት ተቀን ይመክረኛላ። «አትጨነቂ፣ ይገኛል» አለኝና ፈገግ አለ። እኔ ስናደድ ሰው ፈገግ ሲል አልወድም።

ያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩን ከውስጥ እንደቆለፈ «አለቀ!» አለ። «ልሞክረው፤ አንቺ ብሎኑን አጥብቂልኝ።»

ፊቱም ጀርባውም ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ በጆንያ የተለበጠ። የጭንቅላቱም መከለያ ያው የዘይት ቆርቆሮ ሆኖ ከትከሻው ጋር ይታሰራል፤ ፊቱ ላይ እንደ ወንፊት የጠበበ ሽቦ አለው። ሲለብሰው አልገባ አለው።

«ወፍረሃል» አልኩት።

«ዝም ብለሽ አጥብቂ። ይዞ እንደሆነ ማየት አለብኝ፤ በልዬ፣ በደንብ!» አለ፤ ሲያቆላምጠኝ በልዬ ነው የሚለኝ።

እኔም እየሳቅሁ ያለኝን ጉልበት ሁሉ በመፍቻው ላይ አዋልኩት። ሁለት እርምጃ ተራመደ። እጁን ማጠፍ አቃተው። ይበልጥ ሳቅሁ። ከዚያ ከቆርቆሮው ውስጥ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፤ ሳቄም እዚያው ደረቀ። ፋንታሁን አስም አለበት።

«ፍቺኝ» አለ።

መፍቻውን አዞርኩ። ብሎኖቹ ጥርሳቸው አልቆ በቦታቸው ይሽከረከራሉ እንጂ አይወጡም። በቢላ ልፈለቅቅ ስል ቢላው ታጠፈ። የአስሙን መድኃኒት በሽቦው ቀዳዳ ብነፋለት አብዛኛው ፊቱ ላይ ተበትኖ ቀረ። ሰው ልጥራ ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ ትዝ አለኝ፦ ቁልፎቹ ቀበቶው ላይ ናቸው፤ ቀበቶው ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። በሩን ይዤ ነቀነቅሁት። ሌባ እንዳይገባ የተሠራ በር ሴት አያስወጣም።

ሳጥኔ ላይ ወጥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። በዚያ መንገድ ላይ ብረት መቁረጫ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማዶ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ባባ ማሴኮ!»

አየኝና ፊቱን አዞረ። ምን ይፈረድበታል! ከጀርባዬ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። አፈርኩም፣ ፈራሁም፤ ፍርሃቱ በለጠ።

«ባባ፣ ባሌ ሊሞትብኝ ነው! ግራይንደርህን ይዘህ ድረስልኝ!»

አልተነሣም። ጩኸቴን ሰምታ የወጣችው ዛኔሌ ናት። ፊቴን አየች፤ ወደ አባቷ ዞራ በዙሉ ቋንቋ የሆነ ነገር አለችው። ያኔ ተነሣ።

የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመዳችንን በመስኮቷ አሾለኩላቸው፤ እሱ ከውጭ በሩን ይቆርጥ ጀመር። በዚያ በር ማንም እንዳይገባ ስንት ለፍተናል! አሁን ቶሎ አልተቆረጠልኝም ብዬ አለቅሳለሁ። ፋንታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «ጌታ ሆይ፣ እሱን ብቻ» እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

በሩ ወደ ውስጥ ወደቀ። ባባ ማሴኮ ገብቶ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

«ሃው! ሲስተር፣ ይህችው ነሽ እንዴ? እኔ መስኮቱ ላይ ሳይሽ ረጅም ትመስይኝ ነበር።» ቀጥሎ ፋንታሁንን አየ። «ይሄስ ምንድነው?»

«ለዞምቢ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። ዛኔሌን ውኃ አስቀዳት። እሱ ሲቆርጥ፣ ብረቱ ግሎ የባሌን ሥጋ እንዳያቃጥል እሷ በጆግ እያፈሰሰች ታቀዘቅዘዋለች። የጭንቅላቱ መከለያ ተነሣ፤ መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ከትቼ ነፋሁለት፤ አሁንም ነፋሁለት። የትከሻው ብሎኖች ተቆረጡ። ቆርቆሮው ለሁለት ተከፈለ፤ ፋንታሁን ሳንባው የቻለውን ያህል አየር ሳበ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ ውስጡን አየሁ። ጆንያው ተቀዶ፣ ስፖንጁ የተሰፋበት ጨርቅ ወጥቷል፤ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ አበባ አለበት።

ባባ ማሴኮ ግራይንደሩን አጠፋ። ያን ቀን ቀሚሴ ምን እንደሚመስል ለመንገዱ ሁሉ ጮኼ ነግሬአለሁና ሁለቱም አወቁት። ዛኔሌ ጆጉን እንደያዘች ጨርቁን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ምንም የማያውቀው ፋንታሁን እያለከለከ በአማርኛ ያወራልኛል። «አየሽብኝ አይደል? ላስደንቅሽ ነበር። በቀሚስሽ ልክ ነው የቆረጥኩት፤ ለዚያ ነው የጠበበኝ። መስኮቱ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ያ እጅ ተመልሶ ቢመጣ ብዬ...» ሳል ያዘው።

እንዲያ የወደድኩት ጊዜ የለም። እንዲያ ምነው ዝም ባለ ያልኩበትም ጊዜ የለም።

«ምንድነው የሚለው?» አለች ዛኔሌ።

በተቆረጠው በር የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ያያል። በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ግን መሸሻ አጣሁ።

«ቀሚሱን የወሰድኩት እኔ ነኝ ይላል» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ጮክ በይ» አለች። «ያን ቀን ቀስ ብለሽ አልተናገርሽም።»

ሳጥኔን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ደጅ አወጣሁት። ላዩ ላይ ቆምኩ። «ቀሚሴን ዛኔሌ አልወሰደችም! የወሰደው ባሌ ነው! ሌባ ያልኳት በሐሰት ነው!» አልኩ በዚያች በምችላት እንግሊዝኛ፣ ማዶ ያሉት እስኪሰሙ። ከውስጥ ፋንታሁን «በልዬ፣ ምንድነው የምትዪው?» ይለኛል።

ማንም አላጨበጨበም። ባባ ማሴኮ ማራዘሚያ ገመዱን ጠቅልሎ መለሰልኝ። ዛኔሌ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«የከፈልኩበትን ዳቦ ስጪኝ» አለች።

ከሳጥኑ ወርጄ ዳቦ አመጣሁ፤ በእጇም ሰጠኋት።