መውደቂያ

ወደ ጥድማ ሚካኤል የሄድኩት የሌባ ቤት ለማየት ነው።

የምጽፈው ልብ ወለድ ዘመኑ የአያቶቻችን አያቶች ዘመን ነው። ከአንድ የገጠር ደብር እቃ ቤት የብር ጽና ይጠፋል፤ ሌባ ሻይ ይጠራል። ሌባ ሻይ በዚያን ጊዜ ሌባ የሚያወጣ ልጅ ነበር። መድኃኒት ያጠጡታል፣ ወገቡን በገመድ ያስሩታል፣ ከዚያ ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሮጦ የማን ደጅ ላይ ከወደቀ ሌባው ያ ሰው ነው ይባላል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንብቤው ነበር። መጽሐፍ ላድርገው ያልኩት ግን ጓደኛዬ ሂዊ፣ በአጎቷ አገር «መውደቂያ» የሚባል ቤት እንዳለ ከነገረችኝ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳይቀር ጽፌው ነበር፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ጌታ ጽናውን ጓሮው ቀብሮ ይገኛል። የጎደለኝ ቦታው ነበር። ደብሩ በሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከበሩ እስከ ቤቱ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር።

«ሳታዪው የሠራሽው ደብር ጣሪያው ያፈሳል» አለች ሂዊ። አንድ የኅዳር ሐሙስ ከደብረ ማርቆስ ደብረ ኤልያስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በባጃጅ ይዛኝ ሄደች። ጤፉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቢጫ ሆኗል።

የሂዊ አጎት መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው። ከጥዱ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ጠበቁን።

«ልብ ወለድ እንግዲህ ሰሙ ውሸት፣ ወርቁ እውነት ነው?» አሉኝ።

ሂዊ ቀደመችኝ። «ወርቁ ገና አልወጣም፣ የኔታ። እየቆፈርን ነው።»

ቅጥሩን አዞሩን። የድንጋይ አጥሩ አርጅቷል፤ እቃ ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ቅጥሩ ሁለት በር አለው። የላይኛው በር ወደ ቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ያወጣል። የታችኛው በር ፊት ሜዳ የለም፤ መሬቱ ከደፉ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ከግርጌው አንድ ቤት አለ።

«መውደቂያ ያ ነው» አሉ የኔታ። ድምፃቸውን ለምን ዝቅ እንዳደረጉ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወርደን ስንደርስ የቤቱ እመቤት እትዬ ሥራነሽ ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ልጃቸው አብይ ከጓሮ አጥር ይጠግናል፤ የመዶሻው ድምፅ ይሰማል። መደብ ላይ አስቀመጡን፣ ጠላ ቀዱልን። ሂዊ መጽሐፍ እንደምጽፍ ነገረቻቸው።

«ስለ ምን?»

የኔታ መቋሚያቸውን አዩ። ሂዊ ጠላዋን ጎነጨች።

«ስለ ሌባ ሻይ» አልኩ።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ወደ ጓሮ ጆሮ ሰጡ፤ መዶሻው አላቋረጠም።

«እሑድ ከደምበጫ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አሉ። «ለአብይ ነው። ዘር ይቆጠራል።»

በእኛ አገር ልጅ ሳይሰጥ የሁለቱ ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ተጋቢዎቹ ዘመድ እንዳይሆኑ ነው። ይህን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የቀጠሉት ሌላ ነው።

«እኛ ስንቆጥር አንድ ሰው እንዘላለን። ይታያል ይባላል። የአያቴ አባት ነው፤ ልጁ የወደቀበት። ታላቅ እኅቴ በታጨች ጊዜ አባቴ ስሙን ጠራው። ሽማግሌዎቹ የሌባ ዘር አናገባም ብለው፣ በቅሏቸው ሳትራገፍ ተመለሱ። እኅቴም ሳታገባ ቀረች። አብይ ልጁ የወደቀው ከእኛ በፊት በዚህ ቤት በኖረ ሌላ ሰው ላይ ይመስለዋል።» ቀና ብለው አዩኝ። «በመጽሐፍሽ ሌባው ማን ይወጣል?»

«የወደቀበት ቤት ጌታ» አልኩ።

«ስሙን ትጽፊዋለሽ?»

«እቀይረዋለሁ፣ እትዬ።»

«መውደቂያንስ?»

መውደቂያ የመጽሐፉ ርእስ ነበር።

«መውደቂያ በዚህ አገር አንድ ነው» አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

እዚያ መቀመጥ ከበደኝ። ከታችኛው በር እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ አይቼ እንድንሄድ ሂዊን ጠየቅኳት። ስንወጣ ነጠላዬን ከትከሻዬ ወስዳ ወገቧ ላይ አሰረችው።

«ማዶ ቆመሽ ልትጽፊው ነው? እኔ ሌባ ሻይ ልሁን። የኔታ፣ ገመዱን ይያዙልኝ።»

«ገመድ የሚይዘው ባላባት ነው። እኔ ለማዕረጉ አልበቃም» አሉ፤ ግን ያዙት።

ሂዊ ከታችኛው በር ዓይኗን ጨፍና ተነሳች። እየሳቀች ጀመረች፣ ከመንገዱ እኩሌታ ግን መሳቁን ተወችው፤ እግሯ ከእሷ ፈቃድ ውጭ ይቸኩል ነበር። የኔታ ነጠላውን ለቀቁት። እትዬ ሥራነሽ ደጃፍ፣ መሬቱ ደልደል የሚልበት ጋ ስትደርስ በቂጧ ቁጭ አለች።

«እኔ አልሮጥኩም» አለች ቀሚሷን እያራገፈች። «መሬቱ ነው የሮጠው።»

እንደገና እንድትሞክር ለመንኳት፤ አሁን ከላይኛው በር። እያጉረመረመች ወጣች። ከዚያ በኩል ስትለቀቅ በቀስታ ዞር ዞር ብላ የመሪጌታ አካለ ወልድ ጎጆ ግድግዳ ላይ ተደገፈች።

የኔታ ጎጆዋን አዩ፣ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «በዚህ በር ለቀውት ቢሆን ኖሮ የጽናው ሌባ የቅኔ መምህሩ ነበር ማለት ነው። እንኳን በዚያ ዘመን አላስተማርኩ።»

«በሩን ማን ይመርጣል፣ የኔታ?»

«እንግዲህ ማን ያውቃል። ልጁ መድኃኒት ጠጥቷል፤ ልጁ አይመርጥም። ገመድ ያዡ ይመስለኛል።»

ተመልሰን ስንወርድ እትዬ ሥራነሽ ምስራቸውን ትተው ቆመው ያዩን ነበር።

«ልጆቹም ኳሳቸው ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚመጣው» አሉ፣ የሆነ ሰው እንደጠየቃቸው ሁሉ። «ከላይ የጣሉት ዱባም። ስሳደብ ነው የኖርኩት። ሁሉ ነገር እኔ ደጅ…» አልጨረሱትም።

ቁልቁለቱን ከሥር እስከ ላይ በዓይናቸው ወጡት።

«እንግዲህ አልሰረቀም?» አሉኝ።

አዎ ብል ደስ ይላቸው ነበር። «አላውቅም፣ እትዬ። መጨረሻውን አጥፍቼ እጽፈዋለሁ። በእኔ መጽሐፍ ሌባው ገመድ ያዡ ይሆናል። እሱ ግን ከራሴ የፈጠርኩት ነው። በእውነቱ ጽናውን ማን እንደወሰደው ማወቂያ የለኝም።»

«አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«እነሱም አያውቁም ነበር» አሉ እትዬ ሥራነሽ።

ከዚያ አብይን ጠሩት። መዶሻውን እንደያዘ መጣ፤ ረጅም፣ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ያለበት ሰው ነው።

«የእናትህን ወገን ቁጠር።»

«እንግዳ ፊት?»

«እሑድስ የሚመጣው ዘመድ ነው? ቁጠር።»

«ሥራነሽ፣ አበረ፣ ዓለምነው፣ ወልደ ገብርኤል…»

«ቁም። ወልደ ገብርኤል የወለደው ይታያልን ነው። ዓለምነውን ይታያል ወለደው።»

«የቱ ይታያል?»

«የዚህ ቤት። ሌባ ሻይ የወደቀበት።»

አብይ እናቱን አየ፣ የኔታን አየ። የኔታ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አብይ መዶሻውን መደቡ ላይ አስቀመጠው። «ሽማግሌዎቹ ቢመለሱስ?» አለ።

«ሊመለሱ ይችላሉ» አሉ እናቱ። «ግን ይችን ልጅ እንዳየናት ያዩታል። በታችኛው በር አቁሜ አሳያቸዋለሁ። አይተውም መሄድ ካሰኛቸው መንገዱ ቁልቁል ነው፤ አይደክማቸውም።»

ሂዊ ፊቷን ወደ ጥዱ አዞረች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልታየኝም።

አብይ ከራሱ ጀመረ። አሁን እንደ ልጅነት ትምህርት አልተቻኮለም፤ እያንዳንዱን ስም እያሰበ ይጠራል። ይታያል ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

«ከፍ አድርገው» አሉት እናቱ። «የደምበጫው ትልቁ ሽማግሌ ጆሮ የላቸውም።»