ሌባ ያልነካው መጥረጊያ

ባሌ ገብረዋሕድ በመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ቤት ሲገባም ኃላፊነቱ አይለቀውም። አንድ ማንኪያ ብትጎድል ያውቃል። አሮጌዋ ፊያታችን ማታ ቦሌ ግቢያችን ገብታ ስትቆም፣ ሁለቱን የዝናብ መጥረጊያዎች ከነክንዳቸው ይነቅልና በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ያስገባቸዋል። ጠዋት መልሶ ይሰካቸዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ የእሱ ብቻ ዐመል አልነበረም። በዚያ ዘመን መለዋወጫ የሚባል ነገር ስለጠፋ ሌባው ከመኪና ላይ የማይነቅለው አልነበረም፤ የሰፈሩ ባለመኪና ሁሉ መጥረጊያውን ቤቱ አስገብቶ ነበር የሚያድረው። እኔ ግን "ምናለ እነሱን አቅፈህ ብትተኛ" እያልኩ አበሽቀው ነበር።

የሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሀብቶም ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወራት አልፈዋል። ቀበሌው "ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህ" ብሎ ጠራው፤ በዚያው ቀረ። ማሠልጠኛው ድረስ ሄደን ከበር መልሰውናል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ትበርህ መጣች። ወንድሟ ማሠልጠኛው ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራል። በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዛሬ ከምሳ በኋላ ወደ ሰሜን ይጭኗቸዋል አሉ። በላምበረት በኩል ነው የሚያልፉት" አለችኝ።

ወደ ሰሜን ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያብራራልኝ አልፈለግሁም። አያቶቹ ያሉት እዚያ ነው። የአክስቶቹ ልጆችም እዚያ ናቸው፤ በየትኛው ወገን እንደተሰለፉ እግዜር ይወቅ። ልጄን ማስቀረት እንደማልችል ዐውቃለሁ። ሳላየው እንዳይሄድ ብቻ ነበር የፈለግሁት። አንድ ጊዜ ፊቱን ባየው ይበቃኝ ነበር።

ሰማዩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ገብረዋሕድ ከሥራ እንደገባ ነገርኩት፤ ምሳ አልበላም። መኪናዋን አስነሣ፣ መጥረጊያውን ከፈተ። የመጥረጊያው ሞተር እዝዝዝ ይላል፣ መጥረጊያዎቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የገዛ በራችን እንኳን አይታይም።

"በእግሬ እሄዳለሁ" አልኩት።

"በዚህ ቁርጥማትሽ? ላምበረት? ዝም በይ፣ አሁን አበጀዋለሁ።"

ገብረዋሕድ አንድን ነገር ሲያበጅ እንደ ንብረት ቆጠራ ከቁጥር አንድ ነው የሚጀምረው። ፊውዙን አውጥቶ ጫፍና ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ማሸት ጀመረ። እኔ ጃንጥላ ይዤ በላዩ ቆሜአለሁ።

"ሞተሩ ሲጮህ እየሰማህ ፊውዙ ምን አደረገህ?"

"ሁሉም በተራው ነው የሚታየው።"

"ልጁ ተራ አይጠብቅም።"

ማሸቱን ቀጠለ። ጃንጥላውን ኮፈኑ ላይ ጣልኩና መካኒኩን አብዱልሐሚድን ፍለጋ ሄድኩ። ጋራዡ ተዘግቷል፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ቀበሌው ደጃፍ የቆመው ጠባቂ ደግሞ፣ "ስብሰባው ሳያልቅ ማንም አይወጣም፣ እትዬ። እኔም ብሆን አልወጣም" አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም። በመስኮት አብዱልሐሚድን አየሁት፤ ከሁሉም ጋር ያጨበጭባል።

ስመለስ ገብረዋሕድ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ መጥረጊያው ሞተር ደርሷል። ከሞተሩ የሚነሣውን ብረት አየ፣ ይንቀሳቀሳል። ማያያዣዎቹን ነካካ፣ ደህና ናቸው። ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል። እኔም ማልቀሱ ስለታከተኝ ጎንበስ ብዬ መጥረጊያው የተሰካበትን ቦታ ማየት ጀመርኩ። ጣት የምታህለው ዘንግ ወዲያ ወዲህ ትዞራለች፤ ላይዋ የተቀመጠው ክንድ ግን ዝም ብሎ ተኝቷል።

"ገብረዋሕድ፣ ይቺ ትዞራለች። ክንዱ ነው አብሯት የማይዞረው።"

መጣ፣ አየ። በፒንሳ ዳዶውን ፈትቶ ክንዱን ነቀለና ውስጡን በጣቱ ዳሰሰው። ዘንጓን ነክሶ የሚይዘው ጥርስ ተበልቷል፤ ሌላኛውም እንደዚያው ነው። ማታ ሲነቀል፣ ጠዋት ሲሰካ፣ ስንት ዓመት! ሌባ እንዳይወስደው የተጠነቀቀለት ዕቃ በጥንቃቄው አለቀ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት።

"እኔ ነኝ የጨረስኩት" አለ።

"ተው አሁን። ምን እናድርግ?"

የቲማቲም ጣሳ አምጪ አለኝ። ከጣሳው ቀጭን ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ ዘንጓ ላይ ጠቀለለ፣ በላዩ ክንዱን ጫነና ዳዶውን እስኪያቃስት አጠበቀው። በእሱ በኩል ያለው መጥረጊያ ተንቀሳቀሰ። ለሌላኛው ጊዜ አልነበረንም።

ሃያ ሁለትን አልፈን መገናኛ ልንደርስ ስንል ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። መጥረጊያው አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ፣ ከዚያ መስታወቱ መካከል ላይ ቀረ። ጣሳው ተበልቷል። ገብረዋሕድ መኪናዋን ዳር አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አብሬው ስኖር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ሲባጎ አለህ?" አልኩት። የንብረት ክፍል ሰው ሲባጎ አያጣም።

ክንዱ ላይ ሲባጎ አሰረ፤ አንዱን ጫፍ በእሱ መስኮት፣ ሌላውን በእኔ መስኮት አስገባን። እሱ ይስባል፣ እኔ እስባለሁ። በሁለቱም መስኮት ዝናብና በረዶ ይገባል።

"አሁን አንቺ።"

"ሳብኩ እኮ።"

"ቀስ በይ፣ ይበጠሳል።"

"አንተ መንገዱን እይ።"

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ላምበረት ደረስን። እጄን ሲባጎው ልጦታል።

ካሚዮኖቹ ማለፍ ጀምረዋል። ዳር ዳሩን እናቶች በዝናብ ቆመዋል፤ ወሬው ለካ ሁላችንም ዘንድ ደርሷል። አንድ ወታደር የመኪናዋን ጣራ መታ መታ አደረገና ገብረዋሕድን፣ "ሞተር አታጥፋ፣ እንዳትወርድ፣ መንገድ ሲከፈት ትሄዳለህ" አለው። እኔ ወረድኩ።

ካሚዮኖቹ ሁሉ ሸራ ለብሰዋል። ይህን ግን አላሰብነውም ነበር። ያን ሁሉ ስንለፋ ስለ መስታወታችን አሰብን እንጂ፣ በዝናብ ሰው ሲጫን ሸራ እንደሚወርድበት አንዳችንም ትዝ አላለንም። ፊት የሚባል የለም፤ እርጥብ ሸራ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሴቶቹ ወደ ሸራው የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ። እኔም "ሀብቶም" እያልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሮጥኩ። ጉልበቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ከፊት አንድ አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ኖሮ ካሚዮኖቹ ቆሙ። አጠገቤ ካለው ሸራ ሥር አንድ እጅ ወጣ። ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው።

"ሀብቶም ነህ?"

እጁ እጄን ጨበጠ። ከዚያ፣ "አዎ፣ እማዬ" አለኝ።

ድምፁ የልጄ አልነበረም። ሀብቶም አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ እንደ አያቶቹ አገር ሰው "አደይ" ነው የሚለኝ፤ እማዬ ብሎኝ አያውቅም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱም ያን ቀን የት ቆማ እንደምትጣራ አላውቅም። ልጄ ከፊት ባለው ይሁን ከኋላ ባለው፣ ወይ ቀድሞ አልፎ ይሁን፣ ያንንም አላውቅም። እጁን ልቀቂና ልጅሽን ፈልጊ አለኝ ልቤ። እጁ ግን ጥብቅ አድርጎ ይዞኛል።

"አይዞህ፣ ልጄ" አልኩት።

"እሺ፣ እማዬ።"

ካሚዮኑ ሲነሣ ጥቂት አብሬው ተራመድኩ፤ ከዚያ ጣቶቹ አመለጡኝ። ከኋላ የቀሩት ሲያልፉ ስም መጥራቱን ቀጠልኩ። የመለሰልኝ የለም።

ወደ መኪናዋ ስመለስ ገብረዋሕድ አሁንም መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

"አገኘሽው?"

"እጁን ያዝኩት።"

"ምን አለሽ?"

ልዋሸው አስቤ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

"እማዬ አለኝ" አልኩት።

ገብረዋሕድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መንገዱ ተከፍቶ ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ ቢነፉም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እርጥብ እጁን አምጥቶ የተላጠውን መዳፌን ሸፈነልኝ።

"እንኳንም ያዝሽለት" አለኝ።