ሁለተኛው ልኬት

«ባቡሩን እኮ በእግሯ የለካችው እሷ ናት!» አሉ የልጅቷ አጎት፣ በእናቷ ሞት ሳሎኑን ለሞላው ለቀስተኛ። «ልጅቷ በኮምፒውተር፣ እናትየዋ በእግር!»

ለቀስተኛው በሐዘን መሃል ፈገግ አለ። ልጅቷ ግን የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ፊቷ ጋለ። ያዩዋት ሁሉ እንባዋን የዋጠች መስሏቸው «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» አሏት። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ለከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎቹ የት የት እንደሚቆፈሩ ከሚያጠኑት ባለሙያዎች አንዷ ናት። ጣቢያ የሚቀመጠው ሰው ከቤቱ ተነስቶ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ታይቶ ነው። ባለፈው ዓመት ከየሰፈሩ ሰው እየመረጡ በእግር ሲያስኬዱ፣ ለራሷ ሰፈር እናቷን ጠየቀቻት። እናቷም ሠርግ የተጠራች ይመስል ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ወልውላ ወጣች። መንገዱ ከበራቸው እስከ ገበያው መታጠፊያ ነው፤ ጣቢያው ያኔ እዚያ ይሆናል ተብሎ ነበር። ጉልበቷ ግን እሺ አላላትም። በየአጥሩ ጥግ ቁጭ ትላለች፤ ቁጭ ባለች ቁጥር ልጅቷ የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ ታቆማለች።

«ለምን ታቆሚዋለሽ?»

«እረፍት እርምጃ አይደለማ፣ እማዬ።»

«እንዲያ ከሆነ ትንሽ ልጨምር» አለችና እናቷ እየሳቀች እግሯን ዘረጋች።

ሰዓቱ እየቆመላትም ከሁሉም ተራማጆች የዘገየችው እሷ ሆነች። በማግስቱ ልጅቷ ኩሽና ውስጥ ሆና ለባልደረባዋ ደወለች። «የእናቴን አውጣው፤ አማካዩን ታበላሽብናለች» አለችው፤ እንደ ቀልድ። እናቷ «እርምጃዬ ገባ ወይ?» ብላ ስትጠይቃት ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ «ገባ እንጂ!» አለቻት። ስሌቱ የሰፈሩ ሰው ፈጣን ነው አለ፤ ጣቢያውም በዕቅዱ ላይ ገበያውን አልፎ ዳገቱ ላይ ወጣ። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራችው ግን ባቡሩ በእሷ እግር ልክ እንደሚመጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ሊያጽናናት መጣ። ሲወጣ በሩ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ «የዳገቱ ጣቢያ ያንቺን ፊርማ ብቻ ነው የሚጠብቀው። አትቸኩዪ፣ ስትመለሺ» አላት። እሷም እሺ አለች። እሺ ማለቷ ራሱ አሳፈራት።

ለቀስተኛው ሲሳሳ የእናቷ የልብ ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ አለችና ሳታስበው አመለጣት።

«እትዬ፣ የእማዬ እርምጃ አልገባም። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው የሚሆነው።»

ልብስ ሰፊዋ አልደነገጡም። የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«የዳገቱን እንኳ አልሰማችም። ማስወጣትሽን ግን ታውቅ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

«ታውቅ ነበር?»

«በስልክ ስታወሪ ሰምታሻለች። ወዲያው እኔ ዘንድ መጥታ ‹ነይ እስቲ፣ ልምምድ እንጀምር› አለችኝ። በየጠዋቱ አንቺ ሥራ ስትገቢ ገበያው ድረስ እንሄድ ነበር። ሁለት አሮጊት ለውድድር ስንሰለጥን ባለሱቆቹ ‹ወርቁን ለማን እናስቀምጥ?› እያሉ ይስቁብናል። እሷ ምን ቸገራት! ‹ሁለተኛ ስትለካኝ አላሳፍራትም› ትል ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ብዙ አልቅሳለች፤ ይሄኛው ግን ድምፅ አልነበረውም። ሁለተኛ የመለካት ነገር አንድም ቀን በሐሳቧ ሽው ብሎ አያውቅም።

«ፈጥናስ ነበር?» አለች።

«ኧረ የት! ጉልበት መቼ ልመና ይሰማል? ጭራሽ ብሶባት ነበር። መሄዷን ግን አልተወችም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲነሱ ልጅቷም ተነሳች።

«እትዬ፣ እስከ ዳገቱ አብረውኝ ይሄዳሉ?»

«አሁን? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

አሮጊቷ ትንሽ አዩዋትና ክንዳቸውን ሰጧት። በሩ ላይ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ሰዓት ቆጣሪውን አስነሳች። ገበያው ጋ ሳይደርሱ ልብስ ሰፊዋ አጥር ሥር ያለ ድንጋይ ላይ እያቃሰቱ ቁጭ አሉ።

«እዚህች ላይ ነበር የምናርፈው፤ እናትሽ በዚያ፣ እኔ በዚህ በኩል» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «ዳገቱ ገና ነው፤ በይ ሰዓትሽን አቁሚዋ።»

«ይቁጠር፣ እትዬ» አለች። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እናቷ ትቀመጥበት በነበረው በኩል አጠገባቸው ተቀመጠች።