ኮምፒውተሩ ማንን ይፈራል?

በአጎቴ ማተሚያ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያሻገርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ግን ከንድፍ ክፍሉ፣ ታች ወዳለው ማተሚያ የምልከው ትልልቅ ፋይል ሁሉ መንገድ ላይ ይቋረጣል።

የሚያናድደው፣ አጎቴ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ሲልኩ ፋይሉ ሳያንገራግር ይደርሳል። እኔ ልኬ ለሌላ ሥራ ብድግ ስል ይቆረጣል። እሳቸው ታዲያ «ዕቃ ጌታውን ያውቃል፣ ይህ ኮምፒውተርም እኔን ይፈራል» እያሉ ለሠራተኛው ሁሉ አወሩ። ታች የሚሠራው አታሚ እንኳ ፋይል በቀረ ቁጥር «የሚፈራቸውን ሰው ጥሩልን» ማለት ለመደ።

ሳቁንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ውሳኔያቸውን ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ አሮጌው ሲስተም ይመለሳል፣ እኔም እንግዳ መቀበያ ተቀምጬ ስልክ አነሣለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ይህን ሁሉ የተማርኩት «አቤት፣ ማን ልበል?» እያልኩ ላረጅ ነው? ሞቼ ነው ቆሜ!

ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ትንንሽ ፋይል ላክሁ፤ ደረሰ። ግራ ሲገባኝ አጎቴ ሲልኩ ከኋላቸው ቆሜ ስክሪኑን ትቼ እሳቸውን አየሁ። እጃቸው አያርፍም። ሕፃን የሚያባብሉ ይመስል ማውዙን ወዲያ ወዲህ ያደርጉታል።

ያኔ ገባኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ» አልኳቸው።

«ደግሞ ልታዥኝ? ዓይን አውጣ!»

«የሚፈራዎት ከሆነ ግልምጫዎ ይበቃዋል።»

አታሚው በር ላይ ቆሞ ያያል። ሰው ፊት ማፈግፈግ አጎቴ አያውቁበትም። እጃቸውን ከተው አፈጠጡበት። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጨለመ። ስቀሰቅሰው ፋይሉ ተቋርጧል።

«አይፈራም፤ ይተኛል» አልኩ። አዲሱ ሲስተም የሚነካው ሰው ሲያጣ፣ ፋይል እየላከም ቢሆን ያሸልባል። ትንንሹ የሚያመልጠው እንቅልፉ ሳይመጣ ስለሚደርስ ነው። ራሱን እንዳያስተኛ አዘዝኩትና ትልቁን ፋይል እንደገና ላክሁ። ከዚያ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጥቼ፣ እኔም ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። አጎቴ ሊገቡ ሲሉ እጀታውን ያዝኩት።

ፋይሉ ያለ ጠባቂ ደረሰ። ታች ማተሚያው መጮህ ሲጀምር አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሆንም፣ መቀበያው ስልክ የሚያነሣለት ሰው ያስፈልገዋል።»

«ያስፈልገዋል» አልኩ፣ ወንበሬ ላይ እየተቀመጥኩ። «ይቅጠሩለታ።»