ወደ ነፋስ የምትጎትት ጀልባ

ጀልባዬ ክፉ አመል ያወጣችው ትከሻዬ ከወለቀ በኋላ ነው። ነፋሱ ጠንከር ካለ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። እንዳትዞር የመሪዋን እጀታ ወደ ራሴ እስባለሁ፣ እሷም ትስባለች። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የሸራ ጀልባ ናት፤ ጉልበቷ ግን የበሬ ነው። ግማሽ ሰዓት ከታገልኳት ቀኝ ትከሻዬ እሳት ይሆናል።

ሥራዬ ፀጉር መሥራት ነው። ክንዴ ካልተነሣ ፎን አልይዝም፣ ፎን ካልያዝኩ ደንበኞቼ ፀጉራቸው እንደረጠበ ወደ ጎረቤት ይሻገራሉ። ትከሻዬ እስካሁን ሁለት ጊዜ ወልቋል፤ ሐኪሙ ሦስተኛ ጊዜ ከወለቀ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ ባለቤቴ "ትሸጥ" ሲል አልተከራከርኩም። ገዥም አገኘላት። ቅዳሜ ከሰዓት ሊያያት ይመጣል። እኔም በገዛ አፌ ቃል ገባሁ፤ እስከዚያ ድረስ ሐይቁ መሀል ያለውን ቀይ በርሜል ዞሬ ሳያመኝ ከተመለስኩ ትቀራለች፣ ካልሆነ ትሂድ።

ለጀልባ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚለኝ አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር እያበጠርኩ የሰው ትዳር፣ የሰው አከራይ፣ የሰው ምራት ስሰማ እውላለሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ማንም የማያናግረኝ ቦታ ሐይቁ ላይ ብቻ ነው። ይህን ለባለቤቴ ብነግረው "እኔም እኮ ዝም ማለት እችላለሁ" አለኝ። አይችልም።

ወንድሜ አናጢ ነው። ችግሬን ጀምሬ ሳልጨርስ "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ የመሪውን እጀታ በአንድ ክንድ አስረዘመልኝ። እንጨቱ ጥሩ፣ አላላጉ ጥሩ፣ ቫርኒሹ የሚያብረቀርቅ። ጉተታው ትንሽ ቀለለኝ፤ ጀልባዋ ግን አመሏን አልተወችም። ጭራሽ እጀታው ስለረዘመ ስስበው ደረቴን ይገፋኝ ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት ባለቤቴ ብቻዬን አልሄድም ብዬ ካልማልኩለት አላስወጣ ስላለኝ አባቱን ይዤ ሄድኩ። አባባ እንላቸዋለን። ሠላሳ አምስት ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድተዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቁልፉን አስረክበው ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ውኃ በብርጭቆ ካልሆነ አይወዱም። ታጣፊ ወንበራቸውን ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ላይ ዘርግተው፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀመጡ።

በርሜሉ ጋ ሳልደርስ ትከሻዬ አልቻለም። የማነክስ ይመስል እየተጎተትኩ ተመለስኩና ጀልባዋን አስሬ፣ እንባዬ ከንዴት ይሁን ከሕመም ሳላውቅ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"መሪው ነው አባባ። መሪው ተበላሽቷል።"

"መሪው ምንም አልሆነም። ከኋላሽ ያለውን ውኃ አይተሽዋል?"

"ወደ ፊት እያየሁ እንዴት ልየው?"

"ይፈላል። መሪውን ስታጣምሚው ውኃውን ይገፋል። ፍሬን ረግጠሽ ነዳጅ ትሰጫታለሽ፤ እሷ ምን ታድርግ?"

ዞሬ ጀልባዋን አየኋት።

"መኪና ወደ አንድ ጎን ሲስብ ጀማሪ ከመሪው ጋር ይጣላል። እኔ ወርጄ ጭነቱን ነበር የማየው። ያንቺ ጭነት የታለ?"

"ምን ጭነት አለኝ?"

"አንቺስ?"

ልክ ናቸው። ትከሻዬ ከወለቀ ወዲህ ጠርዙ ላይ ወጥቼ ወደ ኋላ መንጋለል ትቼ፣ መሀል ላይ ኩርምት ብዬ ነበር የምቀመጠው።

"የሸራውን ገመድስ ለምን አሰርሽው?"

"እጄን እንዳያመኝ።"

"እና ተሻለሽ?"

ሸራው ታስሮ ተወጥሯል፣ እኔ መሀል ተሸጉጫለሁ፣ ጀልባዋ በጎኗ ታዘነብላለች። ባዘነበለች ቁጥር ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ነፋስ ይዞራል። ጀማሪ ሳለሁ የተማርኩት ነገር ነው፤ ፍርሃት አስረሳኝ። ላለመታመም ያደረግኩት ሁሉ ነበር የሚያሳምመኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ አባባን ይዤ ተመለስኩ። ነፋሱ የትናንቱ ነው። የወንድሜ እጀታ እንዳለ ነበር፤ ብቀይረው ይከፋዋል። ገመዱን ፈትቼ በግራ እጄ ያዝኩ። እግሬን ወለሉ ላይ ባለው ቀበቶ ሥር አስገብቼ ወገቤን ከጠርዙ ውጪ አወጣሁ። ጉተታው እንዲቀንስ ከሆዷ ወደ ውኃው የሚወርደውን ሳንቃ በአንድ መዳፍ ያህል ወደ ላይ ሳብኩት። ነፋሱ ሲመታኝ መሪውን መሳብ ትቼ ገመዱን ትንሽ ለቀቅኩ። ጀልባዋ ቀና አለችና ተስፈነጠረች። ከኋላዬ ያለውን ውኃ ዞሬ አየሁት፤ አይፈላም። እጀታው መዳፌ ውስጥ ቀልሎ ነበር።

ቀዩን በርሜል ዞርኩ። ስመለስ መድረኩ አጠገብ ሳልፍ "በሁለት ጣት አባባ! በሁለት ጣት ነው የያዝኳት!" ብዬ ጮህኩ። ከወንበራቸው ተነሥተው የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ወደ ላይ አነሡልኝ።

ቤት እንደደረስን ባለቤቴ ክንዴን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን አስነሥቶ፣ ፊቴን አይቶ፣ አንድም ቃል ሳይለኝ፣ እንዳይመጣ ሊነግረው ለገዥው ደወለ። ዝም ማለት ይችላል ለካ።

አባባን ለማመስገን ወንበራቸው አጠገብ ቁጭ አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እርስዎ ባይኖሩ..."

"ተይ እባክሽ። ከመኪናው ከወረድኩ ወዲህ እዚህ ቤት የምጠየቀው መድኃኒትዎን ዋጡ ወይ፣ ሹራብዎን ለበሱ ወይ ነው። ስለ መሪ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ የማመሰግነው።"

እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኳቸውም ነበር። ይዣቸው የሄድኩት ባለቤቴን ዝም ለማሰኘት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር አጠገብ ሳልፍ ምን እንደሚያውቁ አስቤ አላውቅም። እጃቸውን ይዤ ሳምኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት ቀድሜ ገብቼ "አባባ፣ አሁንም ትንሽ ትስባለች፤ መጥተው ቢያዩልኝ" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ትስባለች። ትንሽ መሳቧ ደግ እንደሆነ፣ እጀታው ከእጅ ቢያመልጥ ራሷ ወደ ነፋስ ዞራ እንድትቆም የሸራ ጀልባ ሁሉ እንዲያ እንዲሆን እንደሚፈለግ ግን አልነገርኳቸውም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።